ዱካው ላይ ማን ይቀመጥ

ሰርኬ ሰው ታውቃለች። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ ግን የኮልፌ አጣና ተራም አይክዳትም። ገዢ ከታክሲ ወርዶ ጭቃውን እየዘለለ ሲመጣ፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ አጣናውን ለቤት ነው ለፎቅ መወጣጫ የሚፈልገው፣ የያዘው የራሱን ገንዘብ ነው የሰው፣ ዛሬ ይጭናል ወይስ ዋጋ ሊሰልል ነው የመጣው፣ ቁጭ ብላ ትነግርሃለች። ሃያ ስምንት ዓመት ከግቢው በር አጠገብ አንዲት ዱካ ላይ ተቀምጣ የተማረችው ነው። ዱካዋ ከባሕር ዛፍ ጉማጅ የተሠራች፣ ከመለስለሷ የተነሣ የምታብረቀርቅ፣ ከሰርኬ በቀር ለማንም የማትመች ናት። ዱካዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ሌላው ሁሉ፣ የእህቷ ልጅ ጌድዮንም ሆነ የገዛ ልጇ ሆሳዕና፣ ከኋላ ሆኖ አጣና ይቆጥራል፣ ያስጭናል፣ ደረሰኝ ይጽፋል።

እንግዲህ በዚህ ክረምት ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኘና ሐኪሙ ለሰኞ ቀጠራት። ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ዕረፍት። ሰርኬን ምላጩ አላስጨነቃትም፤ ጌታ አለ ብላ ትታዋለች። ያስጨነቃት ዱካዋ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማን ይቀመጥባት?

"ጌድዮን ነዋ" ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። ጌድዮን ጨዋ ነው፣ ጉልበት አለው፣ ዋጋ ከነገሩት ደግሞ እንደ ሰንበት ትምህርት ጥቅስ ሳያዛንፍ ይደግመዋል። ሆሳዕና ይህን በሰማች ቁጥር ደረሰኟን መጻፍ ትቀጥላለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ስትናደድ ጽሑፏ ያምራል።

ነገሩ የአምስት ዓመት ቁስል ነው። ያኔ ሰርኬ ለጉባኤ ሐዋሳ ስትሄድ ዱካዋን ለሁለት ቀን ለልጇ ትታላት ነበር። ስትመለስ የጎረቤት ግቢው ነጋዴ ወንድዬ ሩጦ መጥቶ ጉዱን ነገራት፦ ልጅሽ ዋጋ ሰምቶ የሄደ ገዢ ከአስፋልት ጠርታ መለሰች! በአጣና ተራ የሄደ ገዢ አይጠራም። ሄዶ፣ ዞሮ፣ ሌላውን ጠይቆ በራሱ እግር ይመለሳል፤ ካልተመለሰም ይቅር። ከጠሩት ግን ከዚያ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ወሬውም በደላላ አፍ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሰርኬ ያን ዕለት በጌድዮንና በጫኞቹ ፊት "አንቺ ሰው አታውቂም" አለቻት። ሆሳዕና ከዚያ ወዲህ ዱካው ላይ አልተቀመጠችም።

ካርታው የመጣው በኋላ ነው። ሆሳዕና ሥራ ሲቀዘቅዝ ከአጣናው ክምር ጀርባ ስልኳን ይዛ ትጠፋለች። ፖከር ነው የምትጫወተው፣ ያውም አንድ ለአንድ። ገንዘብ የለበትም ብትልም ሰርኬ "ካርታ" የሚለውን ቃል ከሰማች ወዲያ ሌላው አልተሰማትም። እሷ ባደገችበት ቤት ካርታ ከአረቄ ጋር ነው የሚጠራው። የሐሙስ የሴቶች ጸሎት መሪ ለሆነችው ለሌሊሴ ነግራ የልጇን ስም ከጸሎት ርዕስ ውስጥ አስገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤቴል እናቶች ሆሳዕናን ከካርታ እንዲፈታት እያለቀሱ ጸለዩ። እሷ ግን ጭራሽ እየጎበዘች ሄደች።

ቅዳሜ ዕለት ዝናቡ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የዳሱን ቆርቆሮ ይደበድበው ገባ። ገዢ የለም። ጌድዮን ወደ ቤቱ ሄዷል። እናትና ልጅ ብቻ ቀርተዋል፤ ሰርኬ ዱካዋ ላይ፣ ሆሳዕና የተጋደመ አጣና ላይ፣ ከጎኗ አንድ ጥጉ የታጠፈ ደብተር።

"እማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍጻሜ አለኝ" አለች ሆሳዕና።

"የምኑ ፍጻሜ?"

"የፖከሩ። የቤቴል ልጆች ናቸው በቴሌግራም ያዘጋጁት። ስልሳ አራት ሰው ነበርን፣ ከኮልፌ፣ ከቤቴል፣ ከአየር ጤና። የተሸነፈ ይወጣል። ሁለት ቀረን።"

"ስንት ብር ነው?"

"በነጥብ ነው አልኩሽ እኮ። ያሸነፈ ቲሸርት ይሰጠዋል።"

ሰርኬን ሳቅ አመለጣት። "ስልሳ አራት ሰው ለአንድ ካናቴራ!"

ሆሳዕና አልሳቀችም። "ስሚኝ እማ። አጠገቤ ሆነሽ እዪ። ሰው ማወቄን ካላሳየሁሽ ዱካው የጌድዮን ነው። ጨዋታውንም እዚሁ ፊትሽ ከስልኬ አጠፋዋለሁ፤ ሐሙስ ሄደሽ ትመሰክሪበታለሽ። ካሳየሁሽ ግን ሦስቱን ሳምንት የምቀመጠው እኔ ነኝ።"

ሰርኬ የቀረበላትን ዋጋ ሳትመዝን መልሳ አታውቅም። መዘነችው። የምትከስርበት አልታያትም። ልጅቷ ትሸነፋለች፣ ካርታው ይቀራል፣ ዱካውም ለታሰበለት ሰው ይሆናል።

"አሳይታለች አላሳየችም ብዬ የምፈርደው ግን እኔ ነኝ።"

"አንቺ ነሽ" አለች ሆሳዕና ወዲያው።

ቶሎ እሺ የሚል ገዢ ሲያጋጥማት ሁለቴ የምታስበው ሰርኬ፣ ያን ዕለት አንዴም አላሰበች። ዱካዋን ጎትታ ተጠጋች።

ሆሳዕና ጨዋታውን በአጭሩ አስረዳቻት። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካርታ ይደርሰዋል፤ ሌላው አያየውም። መሀል ላይ ደግሞ አምስት ካርታ ቀስ በቀስ ለሁለቱም ይገለጣል። በየመሀሉ አንዱ ነጥብ ያስይዛል። ሌላው ወይ ያንኑ ያህል አስይዞ ይከተላል፣ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ የተያዘውን ይለቃል። የተሻለ ካርታ ያለው ይወስዳል። ሌላውን አስፈራርቶ ካስጣለ ግን ምንም ሳይዝም ይወስዳል።

"ማለት፣ ሳይኖረው እንዳለው ሆኖ?" አለች ሰርኬ።

"ሳይኖረው እንዳለው፣ ኖሮትም እንደሌለው።"

ሰርኬ "ይሄማ ገበያ ነው" ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጋጣሚው ገባ። "ጉሬዛ" የሚል ስም ብቻ ነው ያለው።

"ፊቱ የታል?"

"ፊት የለውም።"

"ፊቱን ሳታዪ ምኑን ነው የምታውቂው?"

"የሚያደርገውን" አለች ሆሳዕናና ደብተሩን ገለጠች።

ጉሬዛ ሲጀምር ቀላል ሰው መሰለ። ሆሳዕና ትንሽ በጨመረች ቁጥር ካርታውን ይጥላል፣ ያውም ወዲያው፣ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ። ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ብቻ ያመነታል። ሆሳዕና ይህን ለማወቅ አሥር ዙር ያህል ዝም ብላ ተጫወተች፤ ደብተሯ ላይ ጭረት ብቻ ታሰፍራለች። ከዚያ ምንም ያዘች ምን ትጨምርበት ጀመር። እሱ ይጥላል፤ እሷ ጥቂት ጥቂት እያለች ትሰበስባለች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነጥቧ የእሱን እጥፍ ሆነ።

ሰርኬ ሳታስበው ወደ ስልኩ አንገቷን አስግጋለች። "ፈሪ ነው ይሄ" አለች። "እንዲህ ያለውን አውቀዋለሁ። ፋታ አትስጪው!"

"እየገፋሁት ነው።"

"ጨምሪበት ነው የምልሽ!"

ጨመረች፤ ጉሬዛም ተከተለ። ካርታው ሲገለጥ ከሆሳዕና የተሻለ ይዞ ነበር። ብዙ ነጥብ ሄደ። ከሦስት ዙር በኋላ አሁንም ጨመረች፤ አሁንም በዝግታ፣ አንገቱን ደፍቶ እንደሚከተል ሰው ተከተላትና ወሰደ። አንድ ጊዜ ደግሞ ራሱ ትልቅ አስይዞ አስጣላት። እጥፍ የነበረው ነጥቧ ከእሱ በታች ወረደ።

ሰርኬ ጭኗን መታች። "ዕድል ነው! አትፍሪው። ፈሪ መሆኑን አይተሽ የለ? ግፊው!"

"ዕድል አይደለም" አለች ሆሳዕና። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። "ነቅቶብኛል።"

"ምኑን ነቃ?"

"በባዶ እጄ እንደምጨምርበት አወቀ። ስለዚህ መልካም ካርታ ሲይዝ ዝም ብሎ እንድጨምርለት ይጠብቀኛል። ደግሞ እዪ፣ መጀመሪያ ሲጥል ወዲያው ነበር፤ አሁን ሲጥልም ሲከተልም እኩል ነው የሚቆየው። እየቆጠረ ነው። በቆይታው እንደማነበው ገብቶታል። የቅድሙ ሰውዬ ሄዷል እማ።"

"ሰው በአንድ ሰዓት ይለወጣል እንዴ?"

"ከተሸነፈማ ይለወጣል። የማልለወጥ ከሆነ ሞኟ እኔ ነኝ።"

ሰርኬን አነጋገሩ አናደዳት፤ ለምን እንዳናደዳት ግን ለይታ አላወቀችውም።

ሆሳዕና ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጣ የተጫወቱትን ዙር በጣቷ ተከተለች። ካርታው እስከ መጨረሻው የተገለጠበትን ዙር ሁሉ ጽፋዋለች፤ ምን ያህል አስይዞ፣ ምን ይዞ እንደነበር። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ስልኩን አነሣችና በተከታታይ መጣል ጀመረች። ጉሬዛ ያስይዛል፤ ሆሳዕና ትጥላለች። ያስይዛል፤ ትጥላለች። አንዴማ የማይጣል ካርታ ይዛ ትንሽ ቆይታ፣ የተጨነቀች መስላ ጣለች።

"ምን ሆነሻል?" ሰርኬ ከዱካዋ ግማሽ ተነሣች። "እጅሽን ሰጠሽው እኮ!"

"አሁን ፈሪዋ እኔ ነኝ" አለች ሆሳዕናና፣ ጨዋታው ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "እንዲያምን እየጠበቅኩት ነው።"

ጉሬዛ አመነ። ማስያዙ እየበዛ፣ እየደፈረ ሄደ። እሷም በመሀል በመሀል፣ በጎ ካርታ ሲደርሳት ብቻ፣ ድምፅዋን አጥፍታ እየተከተለች ነጥቧን መለሰች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው፤ እሷ በትንሽ ትበልጣለች። ዝናቡ አባርቷል። ወንድዬ ከጎረቤት ግቢ "እትዬ ሰርኬ፣ አትዘጉም እንዴ ዛሬ?" ብሎ ቢጣራ የመለሰለት የለም።

ያኔ ነው ለሆሳዕና ሁለት ዘጠኝ የደረሳት። መሀል ላይ ከተገለጡት ካርታዎች አንዱ ንጉሥ ነው፤ ሌሎቹ ጥቃቅን። በእጁ ሌላ ንጉሥ የያዘ ሰው ሁለቱን ዘጠኝ ይበልጣል። ጉሬዛ አስያዘ፣ ተከተለች። አሁንም አስያዘ፣ ተከተለች። አምስተኛው ካርታ ተገለጠ፤ ለማንም የማይረባ ስድስት። ጉሬዛ ቆየ። ከዚያ ያለውን ነጥብ በሙሉ መሀል ላይ ደፋው።

ሰርኬ ይህን ታውቀዋለች። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ኪሱ ያለውን ብር በሙሉ አውጥቶ ክምሩ ላይ ያስቀመጠ ገዢ ሲያታልል አይታ አታውቅም። ሁሉንም ያወጣ ሰው እውነቱን ነው።

"ንጉሡ አለው" አለች፤ ድምፅዋ ሻክሯል። "ጣይው ልጄ። ያንቺ ዘጠኝ ለንጉሥ አይሆንም። ስሚኝ፣ እንዲህ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ። ጣይው።"

"ልጄ" ማለቷን ራሷም አላስተዋለችም። እንድትሸነፍ ስትጠብቃት የነበረችው እናት፣ አሁን እንዳትሸነፍ እየለመነቻት ነው። ስልኩ ላይ የቀረው ጊዜ በሰከንድ ይቆጥራል።

ሆሳዕና ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችላት። "እዪ። ሲኖረው በትንሹ ነው የሚያስይዘው፤ እንድከተለው ስለሚፈልግ። እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም። ሳይኖረው ነው የሚጮኸው፤ እንድሄድለት። ንጉሥ ቢኖረው ኖሮ እማ፣ ይሄን ያህል አይጮህብኝም ነበር።"

ተከተለች።

ካርታው ተገለጠ። አሥርና ስምንት። ጉሬዛ ምንም አልነበረውም። ሁለቱ ዘጠኞች ሁሉንም ወሰዱ፤ ጨዋታውም አለቀ።

ሰርኬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ተሳስታ ነበር። ዓይኗ እያየ፣ ጆሮዋ እየሰማ፣ በሃያ ስምንት ዓመት ልምዷ ተማምና "ጣይው" ብላ ነበር፤ ልጅቷ ብትሰማት ኖሮ ያን ሁሉ ነጥብ ባጣች ነበር። ሊያሳፍራት በተገባ ነበር። ያላሳፈራት ደረቷ ውስጥ ሌላ ነገር ስለሞላ ነው። ኮራች። እንዴት እንደኮራች! ዘላ ወጥታ ለወንድዬ፣ ለደላሎቹ፣ አስፋልት ዳር ለቆሙት ወያላዎች ሁሉ "ይቺ የማን ልጅ ናት?" ብላ ብትጮህ ደስ ባላት። ግን ምን ብላ? በካርታ አሸነፈች ብላ?

ስልኩ ጮኸ። ጉሬዛ መልእክት ልኳል፦ "እህት፣ እጅ ነስቻለሁ። ማን ነው ያስተማረሽ?"

ሆሳዕና ምንም ሳታስብ ጻፈችለት፦ "እናቴ።"

"ውሸታም!" አለች ሰርኬ። "እኔ ካርታ የት አውቄ?"

"አምስት ዓመት ከኋላሽ ተቀምጬ ምን ሳይ የኖርኩ ይመስልሻል? ደረሰኝ ስጽፍ? ገዢ በመጣ ቁጥር እኔም በልቤ እገምታለሁ። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ አመሳክራለሁ። ብዙውን ጊዜ እንስማማለን።"

ብዙውን ጊዜ። ሰርኬ ቃሏን ያዘች። ከዚያ አምስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችውን ጥያቄ ጠየቀች።

"ያን ጊዜ ሰውዬውን ለምን ጠራሽው?"

ሆሳዕና ቀና አለች። ጥያቄው እንደማይመጣ ካመነች ቆይታለች።

"ጠማሞቹን አጣናዎች አይቶ ነበራ። ሁሉም ገዢ ቀጥ ቀጥ ያለውን ነው የሚያነሣው። እሱ ግን ቀጥ ያሉትን አልፎ ሄዶ ጠማሞቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረጋቸው። ለአጥር ነበር የፈለጋቸው። እነዚያ ጠማሞች ሁለት ክረምት መትቷቸዋል፣ አንድ ሰው ዋጋቸውን ጠይቆ አያውቅም። እሱ ከሄደ ማን ይመጣላቸዋል? ጠራሁት፣ ክምሩን በሙሉ ጭኖ ሄደ።"

ሰርኬ የግቢውን ጥግ አየች። አዎ፣ እዚያ ጥግ አንድ የጠማማ ክምር ነበር። ከሐዋሳ ስትመለስ ቦታው ባዶ ሆኖ አግኝታው ጌድዮን ለማገዶ ያወጣው መስሏት ነበር፤ ብሩንም ከሁለቱ ቀን ሽያጭ ጋር አንድ ላይ ስለተቀበለች አልለየችውም፤ እንዲያውም ጌድዮንን "ጎበዝ" ብላው ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅሽኝም።"

አጠገቧ ሃያ አራት ዓመት የኖረችውን ልጅ ሳታውቃት፣ ከታክሲ የሚወርደውን ሁሉ አውቃለሁ ስትል ኖራለች። ሰርኬ ይቅርታ መጠየቅ የማይሆንላት ሴት ናት። ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ዱካዋን በእግሯ ወደ ልጇ ገፋ አደረገቻት።

"ተቀመጪባት እስቲ። ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ እንዳትጥልሽ።"

ሆሳዕና ተቀመጠች። አልተመቻትም፤ ግን አልተነሣችም።

"ያ ካናቴራ" አለች ሰርኬ በሩን ልትዘጋ እየሄደች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ሰፋ ያለ እንዲሰጡሽ ንገሪያቸው። ሐኪም ቤት ሌሊት ይበርዳል አሉ።"

በማግስቱ ከአምልኮ ሲወጡ ሌሊሴ ክንዷን ይዛ "የሆሲ ነገርስ?" አለቻት። ሰርኬ ውሸት አትወድም። "አሸነፈች" አለች። ሌሊሴ እዚያው አስፋልት ላይ እጇን ዘርግታ ጌታን አመሰገነች፤ ሰርኬም ከልቧ አሜን አለች።

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሯል። ሰርኬና ቦርሳዋን የያዘላት ጌድዮን ከግቢው ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ቆመው ታክሲ ይጠብቃሉ። ማዶ ሆሳዕና ዱካው ላይ ተቀምጣለች። አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም። ጎልማሳ ሰው ወርዶ ገባ፣ አጣናውን አየት አደረገ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ራሱን ነቀነቀና ወጥቶ ሄደ። አምስት እርምጃ። አሥር።

ሆሳዕና ከዱካው ብድግ አለች። "ጋሼ!" ብላ ጠራችው።

ጌድዮን ቦርሳውን ሊጥለው ምንም አልቀረው። "ጠራችው! እትዬ፣ ኧረ ጠራችው! ሄጄ ልንገራት እንዴ?"

የሰርኬ እግር ራሱ ወደ አስፋልቱ ተነቃንቆ ነበር። ግን ቆመችና አየች። አይሱዙው ላይ አራት የቀን ሠራተኞች አካፋ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሥራ ቢጀምሩም ባይጀምሩም የዛሬ ሒሳባቸውን መክፈሉ አይቀርም። ሰማዩ ሊዘንብ ነው። ይህ ሰው ለመዞር ጊዜ የለውም፤ ወንድዬ ግቢ ገብቶ በመጀመሪያው ዋጋ ይጭናል እንጂ አይመለስም። እሷ ዱካው ላይ ብትሆን ኖሮ ዝም ብላ ትጠብቀው ነበር።

ታክሲው መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ወያላው "ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!" ይላል።

"እትዬ፣ ልሂድ?" አለ ጌድዮን።

"ተዋት" አለች ሰርኬ። "እሷ ሰው ታውቃለች።"

ሰውዬው ይመለስ አይመለስ ሳታይ ታክሲው ውስጥ ገባች።